ስልሳ ከምን?

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት። የዊኒፔግ በረዶ
መስኮቴን ይዞታል እንደ ቁርበት ጋርዶ።
ሦስት ስክሪን በርቷል፤ ሻዬ ቀዝቅዟል፤
የለንደን ገበያ ከነቃ ቆይቷል፤
ነዳጁ ሲያስለው ስንዴው አስነጥሷል።

ሥራዬ ይኸው ነው፦
በሩቅ አገር ጓዳ የሚንሾካሾከው
ነገ ዋጋ ሆኖ እዚህ ሳይደርስ በፊት
ማነፍነፍ በሌሊት።

አንድ የንግድ ሚኒስትር «እናስብበታለን» ብሎ ቢወጣ ከስብሰባ፣
አሥራ ሁለት ዶላር ከቶኑ ተገፎ ጨለማ ውስጥ ገባ።
ምርጫ አለ በፀደይ። የባቡር ሠራተኞች ድምፅ ሊሰጡ ነው።
ወደቡ ላይ አሥራ ዘጠኝ መርከብ ቆሟል፤
ምን እንደሚጠብቅ እኔ ነኝ የማውቀው፤
ባላውቅም፣ ታውቃለች ተብሎ ነው ደሞዜ የሚከፈለው።

ይህን ሁሉ ፈጭቼ፣
በወንፊት ነፍቼ፣
ከዜሮ እስከ መቶ አንድ ቁጥር አውጥቼ፣
ጎህ ሳይቀድ እልካለሁ ቀለም ቀብቼ።
ቀይ ከሆነ ይፈራሉ፤ ቢጫ ከሆነ ይጠብቃሉ፤
አረንጓዴ ከሆነ ግን ሳያነቡት ይውላሉ።
ከጎኔ ይቀመጥ የነበረው ሬይመንድ የቆጡን ሲል የብብቱን ጣለ፤
አሁን የመኪና ጎማ ይሸጣል፤ ባለፈው ሲያየኝ «ዛሬስ ስንት ነው?» አለ።

ማክሰኞ ንጋት ላይ ስጋት ሥጋ ለብሶ
ስልክ ደወለብኝ፤ ትንፋሹን መልሶ
«ዋልተር ዳይክ እባላለሁ፣ ከሞርደን ነኝ» አለኝ፤
«የኅብረት ሥራው ነው ስልክሽን የሰጠኝ።
ሁለት ጎተራ ካኖላ አለኝ፣ አምና ያጨድኩት።
ልሽጠው? ላቆየው? ባንኩ ቀጥሮኛል ለዓርብ ጠዋት።»

(ካኖላ የጎመንዘር ዘመድ ነው፤ አበባው ቢጫ።
ለኔ ግን መስመር ነው፤ የዋጋ መሮጫ።)

«ለግለሰብ አንመክርም» ይላል የቤቱ ደንብ፤
«ስልሳ ነው» አልኩት፣ ቁጥር ምክር አይደል በሚል ሰበብ።

ዝም አለ። ከጀርባው የጎተራው ማራገቢያ ያጉረመርማል።
«ስልሳ ከምን?» አለኝ።

ከምን?
ከመቶ ነዋ! መቶውስ ምንድን ነው?
መቶ ሲሆን ማን አለቀሰ? ዜሮ ሲሆን ማን እፎይ አለ?
ስልሳ ብር አይደለም፣ ስልሳ ኪሎ አይደለም፣ ስልሳ ዲግሪ እንኳ አልተባለ።
ሰባት ዓመት ሙሉ ስሰፍር ኖሬያለሁ፤
ቁናውን ዛሬ ገና ብፈልግ፣ ባዶ እጄን አገኘሁ።

«ማለቴ…» አልኩና ቆምኩ፤
ለአንድ ትንፋሽ ያህል።
«ማለቴ፣ ባቡሩ ላይሄድ ይችላል።»

አመስግኖኝ ዘጋ።
ዓርብ ነጋ፤
ሐዲዱ ላይ ዝምታ ተዘረጋ።
ሠራተኞቹ ከበሩ ወጥተው በርሜል ውስጥ እሳት አነደዱ፤
መስመሩም እንደ ፈራ ውሻ ጭራ ገባ ከሆዱ።
ብሬንዳ «ቀድመሽ አየሽው!» አለች፤ በስብሰባ ተጨበጨበልኝ፤
ስልሳውን ሰማንያ ያልኩት ከሆነ በኋላ መሆኑን
ማንም አልጠየቀኝ።

ሰኞ ሌሊት እንደገና ዋልተር፦
«ረቡዕ ግማሹን ሸጥኩት። ቁጥርሽ ግን አልነበረም ምክንያቱ።
ቃል ፍለጋ ስትቆሚ፣ ያቺ ዝም ያልሽባት ሰዓቱ፣
ላሜ ልትወልድ ስትል እንዲያ ነው የምትቆመው።
ጆሮዬ እሱን ያውቃል። የፈራሽው ለኔ ነው።»

ከአነጋገር ይፈረዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤
ከዝምታ ዋጋ እንደሚነበብ ግን ከሞርደን ተማርኩ፤
ተምሬም ዝም አልኩ።

ጎህ ሊቀድ ነው። በረዶው መስኮቱን ይዟል እንደ ሙጫ።
ለዛሬ ሃምሳ አራት ብዬ፣ ቀለሙን አድርጌ ቢጫ፣
ከሰንጠረዡ ግርጌ፣ ማንም ከማያነበው ተራ፣
በደቃቅ ፊደል ጻፍኩ፦ «ሃምሳ አራት — ከማን ጎተራ?»

ብሬንዳ ደወለች፦ «ይሄ የመጨረሻው መስመር ስህተት ነው ወይ?»
ቆምኩ፤
ለአንድ ትንፋሽ ያህል።
እሷስ ሰማችኝ ወይ?